የኮሌስትሮል ውጤትዎን ራስዎ ያንብቡ፦ ጥምርታው የሚነግርዎትና የሚደብቅዎት

ባሕር ዳር ውስጥ የደም ቅባት ምርመራ ማድረግ ዛሬ ከባድ አይደለም። ከመንግሥት ሆስፒታሎች ሌላ በየዋናው መንገድ ዳር የግል ክሊኒክና ላቦራቶሪ አለ። ከባዱ ነገር የሚጀምረው ወረቀቱን ተቀብለው ከወጡ በኋላ ነው። አራት ወይም አምስት ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ አንደኛው አጠገብ ከፍ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ይታያል። አንዳንዱ ሰው በዚያች ምልክት ብቻ ደንግጦ እንቁላልና ሥጋ እርም ይላል። ሌላው ደግሞ ምልክት ስላላየ የደም ግፊቱ 160 እየሆነ እንኳ ልቡ ጤነኛ እንደሆነ አምኖ ይኖራል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል፤ ወረቀቱን የሚያስነብባቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ አንዱ ከከንቱ ፍርሃት፣ ሌላው ከአደጋ ይድን ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በተለይ የኮሌስትሮል ጥምርታ ስለሚባለው ቁጥር ነው፤ ይኸውም ጠቅላላ ኮሌስትሮል ለኤችዲኤል፣ ማለትም "ጥሩ" ለሚባለው ኮሌስትሮል፣ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጥምርታው ጠቃሚ ነው፤ ራስዎ በስልክዎ ማስያ ሊያገኙት ይችላሉ። ነገር ግን ሁለት ቁጥሮችን አጥፎ አንድ የሚያደርግ ስለሆነ፣ ካሰሉት በኋላ መልሰው ሊዘረጉት ይገባል። ያንን ሳያደርጉ በእርሱ ብቻ መደሰትም መፍራትም ስሕተት ነው።

ከምርመራው በፊት፦ የትኛው የልብ ሕመም?

ብዙ ሰው "ልቤን ስለሚያመኝ ኮሌስትሮል ልታይ" ብሎ ይመጣል። በአገራችን በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው የልብ ሕመም ብዙውን ጊዜ የልብን በሮች የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በወቅቱ በአግባቡ ያልታከመ፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም እንጂ ቅባት አይደለም። የ18 ዓመት ልጅ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ካጠረውና እግሩ ካበጠ፣ የሚያስፈልገው የሐኪም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ ነው። የኮሌስትሮል ወረቀት ስለ ልብ በሮች ምንም አይናገርም።

ኮሌስትሮል የሚመለከተው ሌላውን ዓይነት ነው፦ የልብን ጡንቻ የሚመግቡት የደም ቧንቧዎች ግድግዳቸው ውስጥ ለዓመታት ቅባት እየተከማቸ የሚጠቡበትንና አንድ ቀን በረጋ ደም የሚዘጉበትን ሕመም። ይኸው ነገር ወደ አንጎል በሚሄዱት ቧንቧዎች ሲደርስ ስትሮክ ያመጣል። ከዚህ በታች የምንነጋገረው ስለዚህ ዓይነቱ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ለምርመራው መዘጋጀት

ሳይበሉ መምጣት ግዴታ ነው ወይ? ጠቅላላው ኮሌስትሮልና ኤችዲኤል በምግብ ብዙም አይለወጡም፤ ስለዚህ ጥምርታውን ብቻ ለማወቅ ቁርስ በልተውም መመርመር ይቻላል። ከምግብ በኋላ ከፍ የሚለው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ ነው። እርሱንም በትክክል ለማወቅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከምግብ ይከልከሉ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ራትዎን ጨርሰው በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም መስጠት በቂ ነው። ውኃ ይጠጡ፤ የዘወትር መድኃኒትዎንም ሐኪም ካላዘዘዎት በቀር አያቋርጡ። ጠላ፣ አረቄና ጠጅ ትራይግሊሰራይድን ስለሚያንሩ ቢያንስ በዋዜማው ይቅሩ።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ወባ ነው። ወባም ሆነ ሌላ ትኩሳት ያለበት ሕመም ጠቅላላ ኮሌስትሮልንና በተለይ ኤችዲኤልን ያወርዳል፤ ትራይግሊሰራይድን ይጨምራል። በክረምት መውጫ ታመው ገና ሳያገግሙ የተመረመሩት ውጤት ጥምርታዎን ያለ ቅጥ ሊያሳድገው ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካገገሙ ጥቂት ሳምንታት ይለፉ። ነፍሰ ጡር ሴቶችም ቅባታቸው በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል፣ ሐኪም በልዩ ምክንያት ካላዘዘ በቀር ምርመራው ከወሊድ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የመለኪያውን ዓይነት መለየት

ቁጥሩን ከማንበብዎ በፊት ከጎኑ የተጻፈውን መለኪያ ይመልከቱ። አብዛኛው ላቦራቶሪያችን በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋል፤ አንዳንድ መሣሪያና ከውጭ አገር የመጣ ወረቀት ግን በሚሊሞል በሊትር ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 200 ቢልም 5.2 ቢልም አንድ ነገር ነው። ኮሌስትሮልን ከሚሊሞል ወደ ሚሊግራም ለመለወጥ በ38.67 ያባዙ፤ ትራይግሊሰራይድን ግን በ88.57። ሁለቱ የሚባዙበት ቁጥር የተለያየ መሆኑ ኋላ ላይ አንድ ወጥመድ ይፈጥራልና ያስታውሱት።

ደረጃ 3፦ አራቱን ቁጥሮች ማወቅ

ቅባት በደም ውስጥ ብቻውን አይንሳፈፍም፤ ከፕሮቲን ጋር ተጠቅልሎ ይጓዛል። ኤልዲኤል የሚባለው እሽግ ኮሌስትሮልን ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያደርሰው ሲሆን፣ ሲበዛ የቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚቀረውም እርሱ ነው። በሚሊግራም ሲለካ ከ100 በታች ጥሩ፣ ከ130 እስከ 159 ወደ ከፍተኛ የተጠጋ፣ ከ160 ጀምሮ ከፍተኛ፣ 190 እና ከዚያ በላይ በጣም ከፍተኛ ይባላል።

ኤችዲኤል በተቃራኒው ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት በመመለስ ሥራ ይሳተፋል። በወንድ ከ40፣ በሴት ከ50 በታች ከሆነ ዝቅተኛ ነው። ትራይግሊሰራይድ ሰውነት ለኃይል የሚያስቀምጠው ስብ ነው፤ ከ150 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከ500 ካለፈ ከልብ አልፎ ቆሽትን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል አስቸኳይ ክትትል ይፈልጋል። ጠቅላላ ኮሌስትሮል በሁሉም እሽጎች ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ድምር ነው፤ ከ200 በታች የሚመረጥ፣ ከ240 ጀምሮ ከፍተኛ።

እነዚህ ገደቦች መነሻ ናቸው። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ አንድ ጊዜ ለደረሰበት ሰው ኤልዲኤል 100 መሆኑ አያረካም፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ለእንዲህ ያለው ሰው ከ55 በታች እንዲሆን ይመክራል። በአንድ ወረቀት ላይ የታተመ "መደበኛ" የሚል ገደብ ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም።

ደረጃ 4፦ ስሌቱ

የልጅዎን የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ መሥራት ከቻሉ ይህንንም ይችላሉ። ሦስት ነገር ያሰላሉ።

የመጀመሪያው ጥምርታው ነው፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ለኤችዲኤል ይካፈላል። ሁለቱም በአንድ መለኪያ እስከሆኑ ድረስ ሚሊግራምም ሆነ ሚሊሞል ውጤቱ አንድ ነው።

ሁለተኛው፦ ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን መቀነስ ነው። የሚቀረው ወደ ቧንቧ ግድግዳ ሊገባ የሚችለው የኮሌስትሮል ጭነት ሁሉ ነው፤ ኤልዲኤልንም ዘመዶቹንም ያጠቃልላል። ሐኪሞች ኤችዲኤል ያልሆነ ኮሌስትሮል ይሉታል። ምንም ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም፤ ሳይበሉ መምጣትም አያሻውም። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ይህን ቁጥር ነው። ዒላማው ብዙውን ጊዜ የኤልዲኤል ዒላማ ላይ 30 በመጨመር ይገኛል፤ ለምሳሌ ኤልዲኤል ከ100 በታች ከተባለ፣ ይህኛው ከ130 በታች።

ሦስተኛው፦ ላቦራቶሪው ኤልዲኤልን በቀጥታ ካልለካ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የፍሪድዋልድ ቀመር ይገመታል። ከጠቅላላው ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ይቀንሳሉ። ቀመሩ በሚሊግራም ብቻ እንዲህ ይሠራል፤ ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይታመንም።

ደረጃ 5፦ ጥምርታውን መተርጎም

ጥምርታው ወደ ሕክምናው ዓለም የገባው በአብዛኛው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 ከተጀመረው ረጅም የልብ ጥናት ነው። የከተማዋን ነዋሪዎች ለአሥርት ዓመታት የተከታተሉት ተመራማሪዎች፣ ጠቅላላ ኮሌስትሮላቸው እኩል ከሆነ ሰዎች መካከል ኤችዲኤላቸው ዝቅ ያለው ይበልጥ በልብ ሕመም እንደሚያዙ አዩ። ጥምርታው ይህን በአንድ ቁጥር ያሳያል። በጥቅሉ 3.5 እና ከዚያ በታች መልካም ነው፤ ለወንድ ከ5፣ ለሴት ከ4.5 በላይ ከሆነ ስጋቱ ከፍ ይላል።

እስቲ ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ የ52 ዓመት ነጋዴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቦርጩ ወጥቷል፣ የላይኛው የደም ግፊቱ 148 ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 212፣ ኤችዲኤሉ 38፣ ትራይግሊሰራይዱ 190። ሌላዋ የ47 ዓመት መምህርት ናት፤ ቀጭን ናት፣ ግፊቷ 116፣ ትምህርት ቤቷ የምትሄደው በእግሯ ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮሏ 244፣ ኤችዲኤሏ 70፣ ትራይግሊሰራይዷ 95።

ጠቅላላውን ብቻ ያየ ሰው የሚያስደነግጠው እርሷን ነው፤ 240ን አልፋለችና። ጥምርታውን ያሰላ ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፦ የነጋዴው 5.6፣ የእርሷ 3.5። እርሱ አደጋ ላይ፣ እርሷ በሰላም። አሁን የታጠፈውን እንዘርጋው። ከ212 ላይ 38 ሲቀነስ 174 ይሆናል። ከ244 ላይ 70 ሲቀነስም 174! የቧንቧቸው ግድግዳ የሚሸከመው የኮሌስትሮል ጭነት እኩል ነው ማለት ነው። በቀመሩ ሲሰላ ኤልዲኤል በእርሱ 136፣ በእርሷ 155 ነው፤ እንዲያውም የእርሷ ይበልጣል።

ታዲያ ጥምርታው ዋሸ? አልዋሸም። የነጋዴው 5.6 ከቅባት በላይ የሆነ ነገር ይናገራል፦ ቦርጭ፣ ከፍ ያለ ትራይግሊሰራይድ፣ ዝቅ ያለ ኤችዲኤልና ግፊት አንድ ላይ ሲመጡ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ መዳከሙን ይጠቁማሉ፤ የስኳር በሽታም በዚያው መንገድ ይመጣል። ነጋዴው በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት በልብ ሕመም የመያዝ ስጋቱ ከመምህርቷ እንደሚበልጥ ጥርጥር የለኝም። ዛሬውኑ ስኳሩን መለካትና ግፊቱን መታከም አለበት። ነገር ግን ጥምርታው ለመምህርቷ "አይዞሽ" ሲላት ግማሹን ብቻ ነው የነገራት። 155 ኤልዲኤል ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ከቧንቧ ግድግዳ ጋር ከተገናኘ ይከማቻል፤ ከፍ ያለው ኤችዲኤሏ ያንን አያጥብላትም። ካረጠች በኋላ ደግሞ ኤልዲኤል የመጨመር ጠባይ አለው። መድኃኒት ላያስፈልጋት ይችላል፤ ማዕዷን ማስተካከልና በየጊዜው መመርመር ግን ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ደንቤ ይህ ነው፦ ጥምርታው ከፍ ካለ አምነው ይመርምሩት፤ ጥምርታው ዝቅ ካለ ግን ኤችዲኤል ያልሆነውን ኮሌስትሮል ሳያዩ አይደሰቱ።

ኤችዲኤልን ብቻ በማሳደግ ጥምርታን ማሳመርም ልብን አያድንም። ይህ በብዙ ገንዘብና በሰው ሕይወት የተፈተነ ነገር ነው። ቶርሴትራፒብ የተባለው መድኃኒት ኤችዲኤልን እጅግ ያሳድግ ነበር፤ በሙከራው ግን የሚወስዱት ሰዎች ሞት በመብዛቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋረጠ። ኒያሲንም በትልልቅ ጥናቶች ኤችዲኤልን ጨምሮ የልብ ሕመምን ሳይቀንስ ቀረ። በገበያ "ጥሩውን ኮሌስትሮል የሚጨምር" እየተባለ የሚሸጥ እንክብልና ዱቄት ሲያዩ ይህን ያስቡ። ሊወርድ የሚገባው የክፍልፋዩ የላይኛው ቁጥር ነው።

ሁለተኛው ጥምርታና ወጥመዱ

አንዳንድ ሰው ትራይግሊሰራይድን ለኤችዲኤል አካፍሎ ያያል። በሚሊግራም ከ3 በላይ ከሆነ የኢንሱሊን ምላሽ መዳከምን ይጠቁማል ይባላል፤ የነጋዴው 190 ለ38 ሲካፈል 5 ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱ ቅባቶች ወደ ሚሊሞል የሚለወጡበት ቁጥር ስለሚለያይ፣ ይኸው ሰው በሚሊሞል ሲሰላ 2.2 ገደማ ይሆናል። ከኢንተርኔት ያገኙትን ገደብ ከወረቀትዎ ጋር ከማነጻጸርዎ በፊት በየትኛው መለኪያ እንደተጻፈ ያረጋግጡ። ከዚህም ሌላ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ትራይግሊሰራይድ ዝቅ የማለት ጠባይ ስላለው፣ ይህ ጥምርታ ጥሩ ሆኖ ሳለ ስኳር ሊኖር ይችላል። ስኳርዎን በስኳር ምርመራ ይወቁ።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ከመላው ሰው ጋር ማስቀመጥ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያሻሻለው የስጋት ሠንጠረዥ አለ። ዓለምን በ21 ቀጣናዎች ከፍሎ ለእያንዳንዱ የተለየ ሠንጠረዥ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ትገኛለች። ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ሰዎች በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የመያዝ ዕድላቸውን በቀለም ያሳያል፦ አረንጓዴ ከ5 በመቶ በታች፣ ቢጫ እስከ 10፣ ብርቱካንማ እስከ 20፣ ከዚያ በላይ ቀይና ጥቁር ቀይ።

የሚጠይቀው ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ የላይኛው የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ መኖርና ጠቅላላ ኮሌስትሮል ነው። ኮሌስትሮሉ በሚሊሞል ስለሆነ የእርስዎን ሚሊግራም ለ38.67 ያካፍሉ፤ የነጋዴው 212 ወደ 5.5 ይጠጋል። ላቦራቶሪ ለሌለበት ጤና ጣቢያ ደግሞ በኮሌስትሮል ፈንታ በክብደትና በቁመት የሚሠራ ሁለተኛ ሠንጠረዥ አለ። በጣና ደሴቶችና በባሕር ዳር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የላቦራቶሪ ወረቀት ሳይኖረው ስጋቱ ሊታወቅለት ይችላል።

ኤችዲኤልም ጥምርታም በሠንጠረዡ ውስጥ አለመኖራቸውን ልብ ይበሉ። በመሃል ላይ የወደቀን ሰው ለመመዘን ከጎን ያገለግላሉ እንጂ ዕድሜን፣ ግፊትንና ሲጋራን አይተኩም። እኔ በዚህ ከተማ ላሉ ዘመዶቼ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ምርመራ ብቻ የሚያደርጉበት ገንዘብና ጊዜ ካለዎት፣ የደም ግፊትዎን ይለኩ።

በአራት ሁኔታዎች ሠንጠረዡን ማየት አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ፦ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ከዚህ በፊት ከነበረ፤ ዕድሜ ከ40 በላይ ሆኖ የስኳር በሽታ ካለ፤ ከባድ የኩላሊት ሕመም ካለ፤ ኤልዲኤል 190 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በወጣትነት በድንገተኛ የልብ ሕመም ከሞተ፣ ወይም የቁርጭምጭሚት ጅማት ላይ ጠንካራ እብጠት ካለ ይበልጥ ያጠራጥራል። ያኔ ልጆችዎም ሊመረመሩ ይገባል። በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ የቤተሰብዎን ታሪክ ሳይጠየቁ ይናገሩ።

ሐኪሙ ሌላ መንስኤም ይፈልጋል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የኩላሊት ሕመም፣ ስቴሮይድ መድኃኒትና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ቅባትን ያሳድጋሉ። ያኔ የሚታከመው መጀመሪያ መንስኤው ነው።

ደረጃ 7፦ የጾምና የፍስክ ወራት ልዩነት

ይህን ማንም የውጭ አገር መመሪያ አይነግርዎትም፤ እኔ ግን በጣም አስፈላጊ ነው እላለሁ። ኤልዲኤል በአመጋገብ ለውጥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ዓቢይ ጾምን 55 ቀን የጾመ ሰው በሆሳዕና ሳምንት ቢመረመርና ከፋሲካ በኋላ ዶሮውን፣ ቅቤውንና በጉን ሲበላ ከርሞ በሰኔ ቢመረመር፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚመስሉ ወረቀቶች ሊይዝ ይችላል። በዚያ ላይ የአንድ ሰው ኮሌስትሮል ያለ ምንም ምክንያት እንኳ ከቀን ወደ ቀን ከ5 እስከ 10 በመቶ ይወዛወዛል። መድኃኒቱ ሠራ ወይም አልሠራም ከማለትዎ በፊት ሁለቱ ምርመራዎች በየትኛው ወቅት እንደተደረጉ ይዩ። ወረቀቱ ጥግ ላይ "በጾም" ወይም "በፍስክ" ብለው ይጻፉበት፤ ለሐኪሙም ይንገሩ። የረመዳን ጾምም የአመጋገብ ሰዓትንና ዓይነትን ስለሚቀይር ለሙስሊም ወገኖቼ ምክሩ ያው ነው።

ሌላም ነገር አለ። በጾም ወራት ኤልዲኤል ወርዶ ጥምርታው ግን ባለበት ሊቀር ይችላል። ቅባት ሲቀንስና እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲጨምሩ ኤችዲኤልም አብሮ ይወርዳል፤ ትራይግሊሰራይድ ይጨምራል። ወረቀቱን አይተው "ጾሜ ምንም አልጠቀመኝም" ብለው አይዘኑ፤ ጭነቱ ወርዷል። በምስር፣ በሽሮ፣ በጎመንና በተልባ የሚበዛ የጾም ማዕድ ግን በዳቦና በሻይ ከሚያልፈው እጅግ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ከዘይቱ መጀመር

ከማዕድ ውስጥ ኤልዲኤልን ከሁሉ በላይ የሚያሳድገው የሚረጋ ስብ ነው። ንጥር ቅቤ፣ ጮማና፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የፓልም ዘይት በዚህ ይመደባሉ። የፓልም ዘይት ከአትክልት ስለተገኘ ኮሌስትሮል የለውም፤ የጾምም ነው። ግማሽ ያህሉ ግን የሚረጋ ስብ ስለሆነ በጠዋት ቅዝቃዜ ጀሪካኑ ውስጥ ሲነጣ ይታያል። "ኮሌስትሮል የሌለው" የሚለው ጽሑፍ እውነት ሆኖ ሳለ ያሳስታል። አቅም ከፈቀደ በኑግ፣ በሱፍ ወይም በሰሊጥ ዘይት ይቀይሩት፤ ካልፈቀደ መጠኑን ይቀንሱ። ቅቤን ፈጽሞ መተው የማይቻላቸው እናቶች አሉ፤ ለዘወትር ወጥ ሳይሆን ለበዓል ብቻ ቢያደርጉት እንኳ ለውጡ በወረቀት ላይ ይታያል።

ጣና በደጃችን ነው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይሰጠናል። ዓሣው ራሱ ከጮማ በጣም ይሻላል። ችግሩ በተደጋጋሚ በተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ሙሉውን ጠልቆ መጠበሱ ነው፤ በጉላሽ ወይም በወጥ መልክ ቢበሉት የዓሣውን ጥቅም ያገኙታል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እተዋለሁ።

ገብስና አጃ ኮሌስትሮልን የሚይዝ የሚሟሟ አሠር አላቸው፤ ቅንጬ፣ በሶና የገብስ ገንፎ እንግዲህ መድኃኒትም ናቸው፣ ቅቤው እስካልበዛ ድረስ። ተልባም ኤልዲኤልን በመጠኑ ያወርዳል።

ስለ ቡና ሳልናገር ብቀር የዘጌ ሰው ይቀየመኛል። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ኤልዲኤልን የሚያሳድግ ቅባት አለ። በወረቀት ማጣሪያ ሲያልፍ ይቀራል፤ ዱቄቱ ከውኃው ጋር ፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ ሲጠጣ ግን ወደ ሲኒው ይገባል። በስካንዲኔቪያ አገሮች አፍልተው የሚጠጡ ሰዎች ላይ ይህ በጥናት ታይቷል። የእኛም ጀበና በወረቀት አይጣራም። ቡናውን ይተዉ አልልም፤ ጀበናው በደንብ ይስከን፣ አተላው አይጠጣ፣ ኤልዲኤሉ ከፍ ያለ ሰው ደግሞ የሲኒውን ቁጥር ይቀንስ።

ጥምርታውን የሚያበላሹት ቦርጭ፣ መቀመጥና ሲጋራ ናቸው፤ ሲጋራ ማቆም ኤችዲኤልን ከፍ ከማድረጉም በላይ ልብን በቀጥታ ያድናል። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ብስክሌት የለመደች ከተማ ናት። በባጃጅ የሚሄዱበትን መንገድ በብስክሌት ወይም በጣና ዳር በእግር ቢያደርጉት፣ በሳምንት 150 ደቂቃ መሙላት ከባድ አይደለም።

ደረጃ 9፦ መድኃኒት ከታዘዘ

ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም አቶርቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ በጉበት የሚመረተውን ኮሌስትሮል ይቀንሳሉ። በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ኤልዲኤል በ1 ሚሊሞል፣ ማለትም በ39 ሚሊግራም ያህል በወረደ ቁጥር ከባድ የልብና የቧንቧ ችግር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ ነገር ብዙ ሰው የአንድ ወር መድኃኒት ወስዶ፣ ወረቀቱ ሲስተካከል "ድኛለሁ" ብሎ ማቆሙ ነው። ውጤቱ የተስተካከለው መድኃኒቱን ስለሚወስድ ነው፤ ሲያቆም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ከጀመሩ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ይመርመሩ። ጡንቻ በጣም ካመመዎት ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ቶሎ ለሐኪም ይንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ወይም ዓይነቱ ሊቀየር ይችላል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ ወይም ፌጦ ስለጀመሩ መድኃኒቱን አያቁሙ፤ በምግብነት ይብሏቸው እንጂ ምትክ አይሆኑም።

ወረቀቱን የማይጠብቅ ሕመም

ደረት መሃል ላይ የሚጫን ሕመም ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ ሲሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር ሲኖር ኮሌስትሮል የሚለካበት ጊዜ አይደለም። ሴቶችና የስኳር ሕሙማን የደረት ሕመም ሳይሰማቸው በድካም፣ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታመሙ ይችላሉ። የፊት አንድ ጎን ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲተሳሰርም እንዲሁ። ጨጓራ ነው ብለው እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ብቻዎን አይሂዱ፣ ራስዎም አይንዱ። በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል በቀጥታ ይሂዱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው፣ የቆየውንም የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው።